የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ምክር ቤት «ሥልጣን ይሰጠን» ሲል ምን እየጠየቀ ነው?

ከደሴ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ተቃጠለ። ዘመዶቼ እዚያ አሉ። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ይፈጃል። ምንጩ ላይ ከብቱም ይጠጣል፣ ሰውም ይቀዳል።

ቀበሌው ለወረዳ ጻፈ። ወረዳው ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ጎበዝ ልጅ ነው። ፓምፑን ፈትቶ አይቶ ምኑ እንደተቃጠለ፣ ምን ዕቃ መገዛት እንዳለበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ግን 7 ሳምንት አለፈ። ደብዳቤው ከወረዳ ወደ ዞን ሄደ። ከዞን ወደ ክልል ሄደ። አክስቴ ልጁን ገበያ ላይ አግኝታ «ልጄ፣ የውሃችን ነገር ከምን ደረሰ?» አለችው። «እማማ፣ ወላሂ ችግሩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ይገዛ ብዬ የማዘዝ ሥልጣን ግን የለኝም» አላት።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው መልሱ ነው። አንድ ምክር ቤት «ከላይ ሥልጣን ይውረድልን» ብሎ ሲጠይቅ ዜናው ላይ እንሰማና የፖለቲከኞች ሽኩቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከፓምፑ ነው። ችግሩን የሚያየው ሰው አንድ ቦታ፣ የሚወስነው ሰው ሌላ ቦታ፣ ገንዘቡ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ሲሆን ምን ይደረግ? ጥያቄው ይኼ ነው።

ገበያ መላክ፣ ውክልና፣ ጎጆ ማውጣት

«ሥልጣን ወረደ» የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው ውይይቱ ሁሌ የሚምታታው።

አንድ አባት ልጁን ገበያ ይልካል እንበል። «ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ዘይት ገዝተህ መልሱን ይዘህልኝ ና» ይለዋል። ልጁ ገበያ ሄደ እንጂ የወሰነው ነገር የለም። መንግሥትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቢሮውን ወደ ሕዝቡ ያቀርባል፤ ሠራተኛ ይመድባል፤ ውሳኔው ግን እዚያው ላይ ይቀራል። ባለጉዳዩ መንገድ ያጥርለታል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ቅርንጫፍ ተከፈተ እንጂ ሥልጣን አልወረደም።

ሁለተኛው ውክልና ነው። አባትየው ታመመና «እስክድን የቤቱን ወጪ አንተ ምራው» አለው። አሁን ልጁ ይወስናል። ግን በአባቱ ስም ነው የሚወስነው። አባትየው ሲድን፣ ወይም ደግሞ ደስ ሳይለው ሲቀር፣ ውክልናውን ያነሳል። ልጁ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ሦስተኛው ጎጆ ማውጣት ነው። ልጁ ሲያገባ መሬት ይቆረስለታል፣ በሬ ይሰጠዋል፣ ዘር ይሰፈርለታል። ከዚያ በኋላ ጤፍ ይዝራ ማሽላ የሚወስነው እሱ ነው። አባት ይመክራል፤ ሲብስበት ይቆጣል። መሬቱን ግን በማግስቱ አይነጥቀውም። አዝመራው ቢበላሽም ሚስቱም ጎረቤቱም የሚጠይቁት እሱን ነው።

ምክር ቤት ሥልጣን ሲጠይቅ በትክክለኛው ትርጉሙ የሚጠይቀው ይህን ሦስተኛውን ነው። በሕግ የተቆረሰ መሬት፣ በበጀት የተሰጠ በሬ፣ በምርጫ የሚመጣ ተጠያቂነት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጎጆው አይቆምም። መሬቱ ተሰጥቶ በሬው ከቀረ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። በሬው ተሰጥቶ ጠያቂ ከሌለ ደግሞ በሬው በመጀመሪያው በዓል ይታረዳል።

ማዕከሉ የት ነው?

«ማዕከላዊ መንግሥት» ሲባል ብዙዎቻችን አራት ኪሎ ትዝ ይለናል። ለአንድ የወሎ ወረዳ ግን የዕለት ተዕለቱ ማዕከል ባሕር ዳር ነው። ይህን ሳይለዩ ስለ ሥልጣን ማውረድ ማውራት ደብዳቤን በተሳሳተ አድራሻ መላክ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ያከፋፈለው በሁለት መካከል ነው፤ በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ይዘረዝራል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው ይላል። ወረዳስ? ከተማስ? ስለነሱ ያለው በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሥር የተጻፈች አጭር ነገር ናት። ክልሎች የሚያስፈልጓቸውን እርከኖች ያቋቁማሉ፤ ሕዝቡም በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ትላለች። «በቂ» ማለት ምን ያህል ነው? አልተሰፈረም። ሰፋሪው ክልሉ ነው።

ስለዚህ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ሥልጣን የሚመነጨው ከክልል ሕገ መንግሥትና ከክልል አዋጆች ነው። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥቱን በ1994 ዓ.ም. አሻሽሎ ሲያወጣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን ደንግጓል። የወረዳ ምክር ቤት ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ አስተዳዳሪውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር መጥፎ አይደለም።

ተግባሩን ማየት የፈለገ ግን በር ላይ የተሰቀሉትን ታፔላዎች ያንብብ። በክልል ደረጃ «ቢሮ» ይባላል። በዞን «መምሪያ» ይሆናል። በወረዳ «ጽሕፈት ቤት» ነው። የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሁለት አለቃ አለው። አንዱ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የወረዳ አስተዳዳሪ ነው። ሌላው የዞኑ መምሪያ ነው፤ ከመምሪያው ጀርባ ደግሞ ቢሮው አለ። የወረዳው ምክር ቤት «ዘንድሮ ጉድጓድ ይቆፈር» ብሎ ሲወስን፣ ከላይ ደግሞ «ዘንድሮ ትኩረታችን ሌላ ነው» የሚል ዕቅድ ሲወርድ ኃላፊው የቱን ይስማ? እድገቱም ዝውውሩም ግምገማውም በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። እዚህ ላይ ሰውየውን መውቀስ አይገባም። ወንበሩ ራሱ ሁለት ቦታ ተጎትቷል።

መንገዱንም አስቡት። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ባሕር ዳር ግን በወልድያ በኩል ዞሮ ለሚሄድ ከአዲስ አበባም ይርቃል። ለአንድ ፊርማ የተላከ የወረዳ ሠራተኛ በሰላሙ ጊዜ እንኳ አንዱን ቀን በመኪና ውስጥ ነው የሚጨርሰው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጉዳዩም አብሮ ይዘጋል።

ወሎ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል

ነገሩ ለወሎ አዲስ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት ሲያዋቅር ወሎ ደሴን ዋና ከተማው አድርጎ አንዱ ሆነ። በሥሩ የጁ፣ ላስታ፣ ዋግ፣ አምባሰል፣ ቃሉ፣ ወረኢሉ፣ ቦረና፣ ዋድላ ደላንታና ሌሎችም አውራጃዎች ነበሩ። ገዥው የሚሾመው ከላይ ነው። ደመወዙ ከግምጃ ቤት ነው። ተጠሪነቱም ወደ ላይ ነው። የቀድሞው መኳንንት በየአካባቢው እንደ ንጉሥ የሚኖርበትን ዘመን ማብቃት የራሱ ጥቅም ነበረው። ግን ሥልጣን ከመኳንንቱ ሲወሰድ ወደ ሕዝቡ አልሄደም፤ ወደ መሀል ነው የሄደው።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ሙከራ በ1958 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር። በትዕዛዝ ቁጥር 43 አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው፣ ከሚሰበሰበው ግብርም የተወሰነውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙ ታሰበ። ጉዳዩ ግብርን ስለሚነካ ፓርላማ መግባት ነበረበት። ፓርላማው አላጸደቀውም። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ወሎ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለንና። ዝናብ መቅረቱን፣ ከብት ማለቁን፣ ሰው መንገድ ላይ መውደቁን የአገሬው ሰው አይቷል፤ ምክትል ወረዳ ገዥውም አይቷል። እህል የማዘዝ አቅም የነበረው ግን መሀሉ ነው፤ መሀሉ ደግሞ ነገሩን ደበቀው። ዓለም በሰፊው የሰማው እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። የአውራጃ ምክር ቤት ቢኖር ረሃቡ አይደርስም ነበር አልልም። ድርቅን ምክር ቤት አያስቀረውም። ዝም ብሎ መደበቅ ግን ይከብድ ነበር። በየአውራጃው ሕዝብ የመረጠው፣ በጉባኤ ተነስቶ የሚናገር፣ የራሱ ጎተራ ቁልፍ የያዘ አካል ይኖር ነበርና።

ደርግ ቀበሌን ፈጠረ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ አገሩን እንደገና ሲሸነሽን ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን «ራስ ገዝ» ተባሉ። ስሙ ትልቅ ነበር፤ ውሳኔው ግን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት አልወጣም። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች መጡ። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ያልነበረ ሥልጣን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወርዷል። በራስ ቋንቋ መሥራት፣ በክልል ደረጃ ሕግ ማውጣት ትንሽ ነገር አይደለም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሥልጣኑ ደረጃውን ሲወርድ ክልል ላይ ደርሶ ቆመ።

ሰቆጣ የዞን ምክር ቤት አላት፤ ደሴና ወልድያስ?

ይህን ለልጆቼ ሳስረዳ ሁሌ ይገርማቸዋል። የድሮው ዋግ አውራጃ ዛሬ ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን ነው። በክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። ከሚሴ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም፣ አዊም እንደዚሁ። ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ ግን የዞን ምክር ቤት የላቸውም። የዞኑ አስተዳዳሪ የሚመደበው ከክልል ነው። ዞኑ የክልሉ ረጅም እጅ ነው፤ ከላይ የመጣውን ያወርዳል፣ ከታች የመጣውን ያሳልፋል፣ ይቆጣጠራል፣ ሪፖርት ይሰበስባል።

የሰቆጣና የከሚሴ ሕዝብ ምክር ቤት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። የኔ ጥያቄ የሌሎቹ ነው። የሚሊዮኖችን ጉዳይ የሚያስተናግድ ዞን፣ ወረዳዎችን የሚያዝ ዞን፣ እንዴት አንድም ሕዝብ የመረጠው ጠያቂ አይኖረውም? የወረዳ ምክር ቤት አባል የወረዳውን ኃላፊ አስነስቶ ሊጠይቅ ይችላል። የዞን መምሪያ ኃላፊን ግን ማን ያስነሳዋል? በዞኑ ውስጥ ማንም። የሚጠየቀው ባሕር ዳር ነው።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ወሎ ክልል ይሁን» ይላል። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ክልል የመመሥረትን መብት የሰጠው ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በዚያ መንገድ ሄዶ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 10ኛው ክልል ሆነ። ወረዳ ወይም ከተማ ተጨማሪ ሥልጣን ለማግኘት ግን ክልል መሆን አያስፈልገውም። ሕዝበ ውሳኔም አያስፈልገውም። የክልሉ ምክር ቤት አዋጁን ቢያሻሽል ይበቃል። ሁለቱን ጥያቄዎች መቀላቀል የሚጎዳው ትንሿን ጥያቄ ነው። «ፓምፕ የመግዛት ሥልጣን ስጡን» ያለ የወረዳ ምክር ቤት አባል «ይኼ ሰው ካርታ ሊቀይር ነው» ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ሁለተኛ እጁን አያወጣም።

ገንዘቡ

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ትልልቅ ክልሎች ወረዳዎች «ጥቅል በጀት» ማግኘት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ገንዘቡ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፍሎ፣ በዞን በኩል፣ ስሙ ተጽፎበት ነበር የሚወርደው። አሁን ክልሉ በቀመር አስልቶ ለወረዳው በአንድ ላይ ይሰጣል፤ ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና ይመድባል። ክልሉ ራሱም የሚበዛውን ገንዘብ ከፌዴራል በድጎማ ነው የሚያገኘው። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በሐሳቡ ጥሩ ለውጥ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ወረዳ ግቢ ውስጥ ጉዳይ ኖሮኝ ስጠብቅ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን በጀት አነበብኩት። ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ተብሎ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ፀሐይ አደብዝዞታል፤ አንዱ ጥግ ተቀዶ ከሥሩ የድሮ የክትባት ማስታወቂያ ይታያል። በአንድ በኩል «ደመወዝ»፣ ቀጥሎ «ሥራ ማስኬጃ»፣ መጨረሻ ላይ «ካፒታል» ይላል። የመጀመሪያው ዓምድ ረጃጅም ቁጥሮች ሞልተውታል። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ለብዙዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ያለው ሰረዝ ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያቺ ሰረዝ ላይ ነው ያለው። አብዛኛው የወረዳ በጀት መምህራንን፣ የጤና ሠራተኞችንና የግብርና ባለሙያዎችን መክፈያ ነው። ይህ ብክነት አይደለም፤ መምህር ሳይከፈለው አያስተምርም። ግን ምክር ቤቱ በጀት አጸደቀ ስንል ምን ላይ እንደወሰነ እንጠይቅ። የደመወዝ ስኬሉን የሚያወጣው እሱ አይደለም። የቅጥር መደቡን የሚፈቅደውም እሱ አይደለም። እጁን ያወጣው አስቀድሞ ለተወሰነ ነገር ነው።

የራሱን ገቢስ? ከአርሶ አደሩ የሚሰበሰበው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ግብር አለ፤ ትንሽ ነው። ከነጋዴው የሚሰበሰብ ግብር አለ። ተመኑን የሚያወጣው ክልል ነው። ወረዳው ብዙ ሰበሰበ ማለትም የግድ ብዙ አገኘ ማለት አይደለም፤ ገቢው ጥቅል በጀቱ ሲሰላ አብሮ ይታሰባልና። ጠንክሮ የሰበሰበ ወረዳ ጥንካሬው ለራሱ ካልቀረለት ለምን ይጠነክራል?

እዚህ ላይ ቅሬያችንን አስቡት። ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀብረው። ቅሬው ዳኛውን ይመርጣል። የወር መዋጮውን ራሱ ይወስናል። ድንኳን መግዛት ይሁን አግዳሚ ወንበር ማሠራት ራሱ ይከራከርበታል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያቀርብ ማንበብ የማይችሉ አባት ሳይቀሩ «ባለፈው የተረፈው 300 ብር የት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለምን? ከኪሳቸው የወጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ውሳኔው የራሳቸው ስለሆነ፣ የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ፊት ለፊታቸው ስለተቀመጠ። እነዚሁ አባት የወረዳ በጀት ሲቀርብ ዝም ይላሉ። አላዋቂ ሆነው አይደለም። ያ ገንዘብ ከሩቅ የመጣ፣ በሩቅ የተወሰነ ነው።

አንድ ከተማ፣ ሦስት መንግሥት

ኮምቦልቻን እንያት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የፌዴራል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው ዋናው አስፋልትም የፌዴራል ነው። መብራቱም ስልኩም እንደዚሁ። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በክልል ሥር ነው። ቆሻሻ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ፣ የሠፈር ውሃ፣ የገበያ ቦታ ደግሞ የከተማው ነው።

አሁን አንዲት ወጣት ከገጠር መጥታ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ተቀጠረች እንበል። ከደመወዟ የሚቆረጠው የሥራ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ነው። የኩባንያው የትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። እሷ ግን የምትተኛው ከተማው ውስጥ ነው። ቤት ትከራያለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ የመንገድ መብራት ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ የሚጠየቀው የከተማው አስተዳደር ነው። ከእሷ መምጣት ከተማው በቀጥታ የሚያገኘው እጅግ ትንሽ ነው። ወጪው ለከተማው ደርሶታል፤ ገቢው በላዩ አልፏል።

ከተማው ዋና ሀብቴ የሚለው መሬት ነው። ሊዝ ይሸጣል፤ የቤትና የቦታ ኪራይ ይሰበስባል። እዚያም ላይ ሕጉ የፌዴራል ነው፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004። ማስፈጸሚያ ደንቡን ክልሉ ያወጣል። ከተማው ያስፈጽማል። ደግሞም መሬት አንዴ ከተሸጠ አለቀ። በመሬት ሽያጭ የሚተዳደር ከተማ እርሻውን እየሸጠ እህል እንደሚሸምት ገበሬ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ እዚህ ላይ የሚለውጠው ነገር ሊኖር ይችላል። ገንዘቡን ማን ይሰበስበዋል፣ ለማን ይቀራል፣ ተመኑን ማን ይወስናል የሚሉትን ጥያቄዎች የደሴም የወልድያም ምክር ቤት ከአሁኑ ቢያነሳቸው ጥሩ ነው። ሕዝቡ በቤቱ ልክ ከከፈለ በኋላ ደጁ ያለው ቦይ ካልተጠረገ፣ ቁጣው የሚያርፈው ከተማው ላይ ነውና።

እንዴት ይጠየቃል?

በሌላው ዓለም የተሳካላቸውን ሳይ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። «ሥልጣን ስጡን» ብለው በጅምላ አልጠየቁም። እንግሊዝ አገር ታላቋ ማንቸስተር የምትባለው አካባቢ 10 ምክር ቤቶች አሏት። አንድ ላይ ሆነው ከማዕከሉ ጋር ተደራደሩና እ.ኤ.አ. በ2014 ስምምነት ፈረሙ። በ2017 የራሳቸውን ከንቲባ መረጡ። ከጠየቁት ውስጥ አንዱ የከተማ አውቶቡስ መስመርና ታሪፍ የመወሰን ሥልጣን ነበር። እሱም ደረጃ በደረጃ ተረክበውት በ2025 መጀመሪያ ሁሉም አውቶቡስ በእጃቸው ገባ። ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ትዕግሥቱም ትምህርት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በሌላ በኩል ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎች መሠረተች፤ ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ ለእነሱ እንዲሰጥ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ጻፈችው። ገንዘቡ በጊዜ አልደረሰንም የሚል ክርክር አላቆመም። ቢሆንም ወለሉ ተጽፏል፤ ማንም ሚኒስትር ተነስቶ 15ቱን 5 ሊያደርገው አይችልም። የኛ ሕገ መንግሥት ለወረዳ «በቂ» አለ፤ ቁጥር ግን አላስቀመጠም።

ስለዚህ አንድ የወሎ ወረዳ ምክር ቤት ዛሬ ቢጠይቅ ምን ይበል? እኔ ብሆን በስም እጠራዋለሁ። እስከዚህ ብር ድረስ የሆነ ጥገና ከዞን ሳይፈቀድ ይገዛ። ከዕቅድ በላይ የተሰበሰበ ገቢ እዚያው ይቅር፤ በቀጣዩ ዓመትም ከጥቅል በጀቱ አይቀነስ። ጥቅል በጀቱ ለ3 ዓመት በግምት ይነገረን፤ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ተሯሩጠን አናቅድ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲነሳም ሲሾምም ምክር ቤቱ ይወስን። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በአፈ ጉባኤው ፊርማ፣ ለክልሉ ምክር ቤት የሚላክ ነው። ለዞን አስተዳዳሪ ሳይሆን ለክልሉ ምክር ቤት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አዋጅ የሚያሻሽለው እሱ ነውና።

ስጋቶቹ እውነተኛ ናቸው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የኛው ነው። ሥልጣን ሲወርድ ሌብነትም አብሮ ሊወርድ ይችላል። የወረዳ ጨረታ አሸናፊ የኃላፊው አማች ሊሆን ይችላል። በትንሽ ቦታ ሁሉም ሰው ስለሚዛመድ መክሰስ ይከብዳል። ይህን ስጋት የሚያነሱ ሰዎችን ሥልጣን ፈላጊ ናቸው ብሎ ማጣጣል አልወድም። ልክ ናቸው። ግን ሩቅ ያለ ሌብነት ስላልታየ የለም ማለት አይደለም። ቅርብ ያለውን ቢያንስ አማትየው ስታወራ እንሰማዋለን።

ሁለተኛው ስጋት ለኔ ይከብደኛል። ሁሉም ወረዳ እኩል አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ አላት፤ ደሴ ንግድ አላት። የደላንታ ደጋ ገበሬ ውርጭ ሲመታው፣ የቆቦ ቆላ ዝናብ ሲቀርበት ምን ይሰበስባል? «የሰበሰብከውን ብላ» ከተባለ ሀብታሙ ይወፍራል፣ ድሀው ይደርቃል። ስለዚህ ገቢን እዚያው ማስቀረት ብቻውን መልስ አይሆንም። ጎን ለጎን አቅም የሌለውን የሚደግፍ ቀመር መኖር አለበት፤ ያን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ከላይ ያለው መንግሥት ነው። ሥልጣን ይውረድ ማለት ክልልም ፌዴራልም አያስፈልጉም ማለት አይደለም። ረሃብ ሲመጣ፣ በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲደርስ፣ የፈረሰውን አንድ ወረዳ ብቻውን አይገነባውም።

ሦስተኛውን ሰው ብዙም አያነሳውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የወረዳ፣ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተደረገው 6ኛው አጠቃላይ ምርጫ የክልልና የፌዴራል ተወካዮች ሲመረጡ፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በቀር የአካባቢ ምርጫ አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ 12ኛን ጨርሶ የምርጫ ካርድ ሊያወጣ ደርሷል፤ የወረዳውን ምክር ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ሲመረጥ አላየም። ሕዝብ ያላደሰለት ምክር ቤት ሥልጣን ሲጠይቅ ከላይ ያለው ቀላል መልስ አለው፤ «አንተን ማን ወከለህ?» ይለዋል። መሬት ተቆርሶለት፣ በሬ ተሰጥቶት፣ በምርጫ የሚጠየቅ የቤት አባወራ ከሌለ የጎጆው ነገር እንደገና ይጎድላል። ሰላም በሌለበትም ጉባኤ መቀመጥ ራሱ ከባድ ነው። ሰላሙም ምርጫውም ሥልጣኑም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ሁሉም እኩል እስኪመጣ ከጠበቅን ግን የትኛውም አይመጣም።

ፓምፑ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ በ8ኛው ሳምንት ቅሬው እሁድ ጠዋት ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ «የቀብር ገንዘብ ለውሃ አይውልም» ያሉ ነበሩ። በኋላ ተስማሙ። ሁለት ሰው ተመርጦ ዕቃው ኮምቦልቻ ተገዛ። ያ ባለሙያ ልጅ ቅዳሜ፣ በእረፍት ቀኑ፣ መጥቶ ገጠመው። ወጪው በቅሬው መዝገብ ላይ «ወረዳው የሚመልሰው» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የወረዳው ሰዎች መክፈል አንፈልግም አላሉም። ገንዘቡ የሚመለስበት የበጀት መደብ የላቸውም።